ቁጥር ምስክር ሆኖ ሲቆም

በኖቬምበር 1999 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዟ ቼስተር ያስቻለው የወንጀል ፍርድ ቤት ሳሊ ክላርክ የተባሉ ጠበቃን ሁለት ጨቅላ ወንዶች ልጆቻቸውን ገድለዋል በሚል ዕድሜ ልክ እስራት ቀጣቸው። የመጀመሪያው ልጅ የሞተው በ11 ሳምንቱ፣ ሁለተኛው ደግሞ ዓመት ከጥቂት ቆይቶ በ8 ሳምንቱ ነው። የዓይን ምስክር አልነበረም፤ ተከሳሿም ድርጊቱን አላመኑም፤ የሕክምና ባለሙያዎቹም በአሟሟቱ ላይ አልተስማሙም። ከዐቃቤ ሕግ ምስክሮች አንዱ የነበሩት ስመ ጥሩው የሕፃናት ሐኪም ሰር ሮይ ሜዶው ግን ለማስታወስ የሚቀል አንድ ቁጥር ይዘው ቀረቡ፦ እንዲህ ባለ ቤተሰብ ውስጥ ሁለት ሕፃናት ምክንያቱ በማይታወቅ ድንገተኛ ሞት የማለፋቸው ዕድል ከ73 ሚሊዮን አንድ ነው። በጁሪነት ከተቀመጡት ዜጎች አሥሩ ጥፋተኛ ናቸው አሉ፤ ሁለቱ ተቃወሙ።

ቁጥሩ የመጣው ከአንድ ጥናት ነው። በጥናቱ መሠረት፣ የሚያጨስ ሰው በሌለበት፣ ደመወዝተኛ ባለበትና እናትየዋ ከ26 ዓመት በላይ በሆነችበት ቤት አንድ ሕፃን በዚህ ዓይነት ድንገተኛ ሞት የሚያልፈው ከ8,543 አንዱ ነው። ሐኪሙ 8,543ን በራሱ ሲያባዙት 73 ሚሊዮን ገደማ ሆነ። እንዲህ ማባዛት የሚቻለው ግን የአንዱ ልጅ ሞት ስለ ሌላው ምንም የማይነግረን ከሆነ ብቻ ነው። ወንድማማቾች አንድ ዘር ይወርሳሉ፣ አንድ ቤት ያድራሉ፤ የመጀመሪያውን የገደለ የተሰወረ የጤና ጉድለት ካለ ሁለተኛውንም ሊይዝ ይችላል። ሌላም ነገር አለ። ማጨስ አለመኖሩ፣ ገቢ መኖሩና የእናት በዕድሜ መብሰል የድንገተኛ ሞትን ዕድል ዝቅ ካደረጉ፣ እናት ልጇን የመግደሏንም ዕድል ዝቅ እንደሚያደርጉ መገመት አይከብድም። በሚዛኑ አንዱ ጎን የተቀነሰው በሌላው ጎን ሳይቀነስ ቀረ።

ይህ ሁሉ ግን ቀላሉ ስሕተት ነው። ማባዛቱ እንከን የለውም ብንል እንኳ ከባዱ ገና ይቀራል። 73 ሚሊዮን የሚመልሰው ጥያቄ «ሴትየዋ ንጹሕ ከሆኑ ይህ ነገር የመድረሱ ዕድል ስንት ነው?» የሚል ነው። ጁሪው ፊት ያለው ጥያቄ ደግሞ «ይህ ነገር ደርሷል፤ እንግዲህ ሴትየዋ ንጹሕ የመሆናቸው ዕድል ስንት ነው?» የሚል ነው። ሁለቱን ለማምታታት በአሜሪካ ሁለት ተመራማሪዎች በ1987 የዐቃቤ ሕግ ስሕተት የሚል ስም አውጥተውለታል፤ ተከላካይ ጠበቆችም፣ ሐኪሞችም፣ ጋዜጠኞችም ይሠሩታልና ስሙ ዐቃቤ ሕጎችን ትንሽ ይበድላል።

ዕውቀት ምንድን ነው፣ ማስረጃስ እምነትን የሚያጸናው እንዴትና እስከምን ድረስ ነው የሚሉ ጥያቄዎች ከፕላቶ ጀምሮ የፍልስፍና ርስት ናቸው። ባለፈው አንድ ምዕተ ዓመት ግን ጥያቄዎቹን በሎጂክና በፕሮባቢሊቲ መሣሪያ መመርመር ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆኗል። ፎርማል ኢፒስቴሞሎጂ ይሉታል። ፈላስፎች፣ የሒሳብ ሰዎች፣ የኮምፒዩተር ሳይንቲስቶችና የኢኮኖሚ ምሁራን አብረው የሚሠሩበት መስክ ነው። ዘርፉ «ዕውቀት ማለት ይህ ነው» የሚል ብያኔ ይሰጠናል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ያዝናል። በእኔ አስተያየት ትልቁ ፍሬው ሌላ ነው፤ በዕለት አነጋገራችን እንደ አንድ የምናያቸው ነገሮች የተለያዩ መሆናቸውን በሒሳብ ሊካድ በማይችል መንገድ ያሳያል። ከላይ ያየነው የመጀመሪያው ነው፤ አንድ ማስረጃ ምን ያህል አስደናቂ ነው ማለትና ክሱ ምን ያህል እውነት ይመስላል ማለት ሁለት ነገሮች ናቸው።

ልዩነቱን በጤና ጣቢያ ማየት ይቀላል። ለኤችአይቪ ምርመራ 10,000 ሰዎች መጡ እንበል፤ ከነዚህ ቫይረሱ ያለባቸው 100 ናቸው። የመመርመሪያው ኪት ቫይረሱ ካለባቸው 100 ሰዎች 99ኙን ያገኛል። ከሌለባቸውም ከየመቶው 99ኙን በትክክል ነጻ ይላል። በጣም ጥሩ ኪት ነው። ግን ቫይረሱ የሌለባቸው 9,900 ናቸውና ከነሱ አንድ በመቶው፣ 99 ሰው፣ በስሕተት ፖዘቲቭ ይባላል። በጠቅላላው የፖዘቲቭ ምልክት የሆነውን ሁለት መስመር ያዩት 198 ሰዎች ሲሆኑ ግማሾቹ ጤነኞች ናቸው። ኪቱ «99 በመቶ ትክክል ነው» ሲባል የሰማ ሰው፣ ፖዘቲቭ የተባለው ሁሉ 99 በመቶ ቫይረሱ አለበት ብሎ ቢደመድም በግማሹ ሰው ላይ ይፈርዳል። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል አቀለልኳቸው እንጂ ነገሩ የወረቀት ላይ ጨዋታ አይደለም። በአገራችን ሁለት ኪቶች የተለያየ ውጤት ሲሰጡ ሦስተኛው እንደ ዳኛ እንዲለይ የሚያደርግ አሠራር ነበር፤ ይህ አሠራር ጤነኛን ሰው ፖዘቲቭ እንደሚያሰኝ ድንበር የለሽ ሐኪሞች በኢትዮጵያ አጥንተው በ2015 አሳትመዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 አገሮች ሁሉ ሦስት ተከታታይ ፖዘቲቭ ውጤት ወደሚጠይቅ አሠራር እንዲሸጋገሩ መክሯል። ለምክሩ መነሻ የሆነው የኪቶቹ መበላሸት አይደለም። ከሚመረመሩት ሰዎች ውስጥ ቫይረሱ ያለባቸው ድርሻ እየቀነሰ መምጣቱ ነው። ኪቱ ያው፣ መስመሩም ያው ሆኖ፣ የመስመሩ ትርጉም ግን በማን መካከል እንደታየ ይለወጣል።

የስሌቱ ሥር ቶማስ ቤይዝ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ ጽፎት የሄደው ወረቀት ነው። ቤይዝ በ1761 ሞተ፤ ወረቀቱን ወዳጁ ሪቻርድ ፕራይስ በ1763 አሳተመው። ሐሳቡ በአጭሩ ይህ ነው፦ ማስረጃው ከመምጣቱ በፊት የነበረህን ግምት ያዝ፤ ማስረጃው ነገሩ እውነት ከሆነና ሐሰት ከሆነ የመታየቱን ዕድል አነጻጽር፤ ግምትህን በዚያ ልክ ከፍ ወይም ዝቅ አድርግ። በሳሊ ክላርክ ጉዳይ ላይ ይህን ስናደርግ፣ ሁለት ልጆች ሞተው መገኘታቸው የማይታበል በመሆኑ፣ መነጻጸር የነበረባቸው ሁለት እጅግ ብርቅ ነገሮች ናቸው፤ ድርብ ድንገተኛ ሞትና ድርብ ግድያ። እናቶች ሁለት ልጆቻቸውን በተከታታይ የሚገድሉት በየስንት ሚሊዮኑ ነው ብሎ የጠየቀ ሰው በችሎቱ አልነበረም። የሳልፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ሊቅ ሬይ ሂል በኋላ ላይ ከእንግሊዝ መረጃ ተነሥተው ሲያሰሉ፣ ድርብ ድንገተኛ ሞት ከድርብ ግድያ በዘጠኝ እጥፍ ገደማ ይበዛል የሚል ውጤት አገኙ። ግምት ነው፤ ብዙ ሊባልበት ይችላል። ግን 73 ሚሊዮን ለአንድ እናትየዋን የሚወነጅል የመሰለው ነገር፣ በትክክል ሲመዘን ወደ እናትየዋ ያጋደለ መሆኑን ለማየት ይበቃል።

የንጉሣዊው ስታቲስቲክስ ማኅበር በኦክቶበር 2001 ቁጥሩን የሚነቅፍ መግለጫ አወጣ። ፍርዱ የተሻረው በጃንዋሪ 2003 ነው፤ ለመሻሩ ዋናው ምክንያት የሁለተኛው ልጅ የላቦራቶሪ ውጤት ለተከላካይ ወገን ሳይሰጥ መቅረቱ መታወቁ ነበር። ሴትየዋ ከእስር ቢወጡም ብዙ አልቆዩም፤ በ2007 ዐረፉ።

እዚህ ላይ ሳይጠቀስ የማይታለፍ አንድ ምጸት አለ። ከቼስተሩ ፍርድ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1996፣ የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አዳምስ በሚባለው ጉዳይ ላይ ቤይዝን በዘዴ ከችሎት አባሮ ነበር። በዚያ ጉዳይ ዐቃቤ ሕግ የዲኤንኤ መመሳሰል ይዞ ቀረበ፤ የተበደለችው ሴት ግን ተከሳሹን ለይታ አላወጣችውም፣ የሴት ጓደኛውም በሰዓቱ ከእኔ ጋር ነበር ብላ መሰከረች። ተከላካይ ወገን ጁሪዎቹ ለእያንዳንዱ ማስረጃ ክብደት እየሰጡ በቤይዝ ቀመር እንዲያሰሉ አደረገ። ይግባኝ ሰሚው ችሎት ይህ ለጁሪ የማይገባ ውስብስብ ንድፈ ሐሳብ ነው፣ ጁሪ በጋራ አእምሮው ይመዝን አለ። ክርክሩ ፍሬ የለውም ማለት አይቻልም፤ «የጓደኛው ምስክርነት ከመቶ ስንት ይሰጠው?» የተባለ ሰው ከአየር ላይ ቁጥር መቅዳቱ አይቀርም። ነገር ግን ያው የፍትሕ ሥርዓት ቁጥርን የሚፈትሸውን መሣሪያ በር ላይ መልሶ ሲያበቃ ራሱን ቁጥሩን በ1999 እጁን ዘርግቶ አስገባ።

ቤይዝን ወደ ፍልስፍና መሐል ያመጣው ሰው ፍራንክ ራምሴ ነው። ካምብሪጅ ያስተምር የነበረው ይህ ወጣት በ1930 መጀመሪያ በ26 ዓመቱ የሞተው በሒሳብም፣ በኢኮኖሚክስም፣ በፍልስፍናም እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ሥራ ትቶ ነው። በ1926 በጻፈውና ከሞተ በኋላ በታተመው ጽሑፍ ያነሣው ጥያቄ ይህ ነበር፦ እምነታችን ደረጃ አለው፤ አንዱን ነገር አጥብቀን፣ ሌላውን ላላ አድርገን እናምናለን። ታዲያ እነዚህ ደረጃዎች ለፕሮባቢሊቲ ሕግ የሚገዙበት ምክንያት ምንድን ነው? በራሴ ግምት ማን ያዝዘኛል? ጣልያናዊው ብሩኖ ዴ ፊኔቲም በራሱ መንገድ እዚያው ደርሶ በ1937 አሳተመ። የሁለቱም መልስ ውርርድ ነው።

ከስፖርት ውርርድ ቤት የወጣ አንድ ወረቀት በእጃችን ይዘን እንየው። ለባለሜዳው ማሸነፍ ኦዱ (ለተያዘ አንድ ብር የሚከፈለው) 2.00፣ ለአቻ 3.20፣ ለእንግዳው ማሸነፍ 3.20 ነው እንበል። አንድ ሰው በየትኛውም ውጤት 100 ብር እንዲወጣለት ቢፈልግ በባለሜዳው ላይ 50 ብር፣ በአቻው ላይ 31.25፣ በእንግዳው ላይ 31.25 ማስያዝ አለበት። ድምሩ 112.50 ነው። ጨዋታው እንዴትም ይለቅ 100 ብር ይቀበላል፤ 12.50 ከስሯል። ቤቱ የሚኖረው በዚች ትርፍ ነው። አሁን እነዚህን ኦዶች ቤቱ ያወጣቸው ዋጋዎች ሳይሆኑ የአንድ ሰው የልብ እምነት ናቸው እንበል፤ ባለሜዳው የማሸነፉን ነገር 50 በመቶ፣ ሁለቱን ሌሎች ደግሞ እያንዳንዳቸውን 31.25 በመቶ ያምናል። ይህ ሰው ሦስቱንም ውርርዶች በየተራ «ፍትሐዊ ዋጋ ነው» ብሎ ይገዛቸዋል፤ ሦስቱን ሲገዛ ግን ኳሱ ሳይጀመር ከስሯል። እምነቶቹ እርስ በርስ እንደሚጣሉ ለማወቅ ስለ ኳስ ምንም ማወቅ አያስፈልግም፤ ከመቶ ማለፋቸው ይበቃል። የሰውን እምነት ከውጭ የመጣ እውነት ሳይጠቅሱ፣ በራሱ አፍ መያዝ ማለት ይህ ነው።

መልሱ ቆንጆ ነው፤ ግን ትንሽ ነው የሚጠይቀው። እብድም እምነቶቹን መቶ ላይ አስተካክሎ ሊደምር ይችላል። ቤይዛውያን እዚህ ላይ የሚሰጡት ማስተማመኛ፣ ሁለት ሰዎች በተለያየ ግምት ቢነሡም ተመሳሳይ ማስረጃ እየበዛ ሲሄድ ግምታቸው ይቀራረባል የሚል ነው። እውነት ነው፤ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ዴኒስ ሊንድሊ «የክሮምዌል ደንብ» ብሎ የሰየመው ነገር አለ፤ አንድን ነገር ፈጽሞ ሊሆን አይችልም ብለህ ዜሮ ከሰጠኸው፣ ዜሮ በምንም ቢባዛ ዜሮ ነውና የማስረጃ ጎርፍ አያነቃንቅህም። በፖለቲካ ክርክራችን ማስረጃ ተቆልሎ ማንም ከአቋሙ ንቅንቅ የማይልበትን ምክንያት ሳስብ ይህ ደንብ ይመጣብኛል። ሰዎቹ ማሰብ ስላቃታቸው ላይሆን ይችላል፤ መነሻቸው ዜሮ ስለሆነ እንጂ።

የዘርፉ ሌላው እግር ሎጂክ ነው። ፊንላንዳዊው ያኮ ሂንቲካ በ1962 ባሳተመው መጽሐፍ «አንድ ሰው አንድን ነገር ያውቃል» ማለትን በዚህ መልክ አስቀመጠው፦ ለዚያ ሰው፣ በእጁ ካለው መረጃ አንጻር ሊሆኑ በሚችሉ ሁኔታዎች ሁሉ ውስጥ ነገሩ እውነት ነው። አጻጻፉ ደረቅ ይመስላል፤ የሚከፍተው በር ግን ሰፊ ነው፤ ምክንያቱም «እኔ የማውቀውን አንተ እንደምታውቅ አውቃለሁ» የመሳሰለውን የተደራረበ ነገር ያለ ግራ መጋባት ለማስላት ያስችላል።

የታወቀ እንቆቅልሽ አለ። ሦስት ልጆች ሲጫወቱ የሁለቱ ግንባር ጥላሸት ነክቶታል። እያንዳንዱ የሌሎቹን ግንባር ያያል፤ የራሱን አያይም። አባት መጥቶ «ከእናንተ ቢያንስ አንዱ ግንባሩ ላይ ጥላሸት አለ» ይላቸዋል፤ ቀጥሎም «እኔ ነኝ የሚል አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ዝም ይላሉ። ደግሞ ይጠይቃል። አሁን ጥላሸት ያለባቸው ሁለቱም በአንድ ላይ «እኔ ነኝ» ይላሉ። አንደኛው እንዲህ አስቦ ነው፦ እኔ ንጹሕ ብሆን ኖሮ፣ ያ ጥላሸት ያለበት ጓደኛዬ ማንም ላይ አያይም ነበርና አባባ ገና እንደተናገሩ እርሱ ራሱ መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ዝም ማለቱ እኔ ላይም ስላየ ነው። የሚገርመው የአባትየው ንግግር ነው። ቢያንስ አንዱ ላይ ጥላሸት እንዳለ ሦስቱም ልጆች ቀድሞውኑ በዓይናቸው ያዩ ነበር፤ አባትየው ለአንዳቸውም አዲስ ነገር አልነገረም። እርሱ ዝም ቢል ግን እስከ ማታ ቢጠየቁ ማንም ስለ ራሱ አያውቅም ነበር። አባትየው የጨመረው ነገር ሁሉም ማወቁን ሁሉም እንዲያውቅ፣ ያንንም ማወቃቸውን ደግሞ እንዲያውቁ ማድረጉ ነው። የጋራ ዕውቀት ይባላል። ሁሉም በየልቡ ከሚያውቀው ነገር የተለየ ነገር ነው፤ የኮምፒዩተር መረቦች እርስ በርስ የሚስማሙበት መንገድ ሲነደፍ ይህ ልዩነት ዋና ቁም ነገር ሆኗል፤ በኋላ በ2005 የኢኮኖሚክስ ኖቤልን የተጋራው ሮበርት ኦማንም በ1976 ባወጣው አጭር ጽሑፍ፣ ከአንድ መነሻ የተነሡ ሁለት ሰዎች ግምታቸው የጋራ ዕውቀት ከሆነ ሊለያዩ እንደማይችሉ አረጋግጦበታል።

በቅኔ ያደገ አንባቢ ይህን ነገር ያውቀዋል። በሰምና ወርቅ የተነገረ ወቀሳን ወርቁን ጉባኤው ሁሉ ያገኘዋል፤ ባለቅኔውም ማግኘታቸውን ያውቃል፤ የተወቀሰው ሹምም ይገባዋል። ሰሙ ግን በመካከል ቆሟልና «እኔ ያልኩት ይህን ነው» ብሎ መውጣት ለተናጋሪው፣ «እንዳልሰማሁ ልሁን» ማለትም ለሹሙ ክፍት ነው። ሁሉም እያወቀ የጋራ ዕውቀት አይሆንም። ያንኑ ነገር በግልጽ ቋንቋ በአደባባይ የተናገረ ሰው ያስከተለው ነገር ለምን ያን ያህል እንደሚከብድ በሂንቲካ ሎጂክ ማስረዳት ይቻላል፤ ይዘቱ አንድ ሆኖ ሳለ ሰሙ ሲገፈፍ ማስመሰያው ይጠፋል።

እነዚህ ሁለት እግሮች፣ ሎጂኩና ፕሮባቢሊቲው፣ የሚጋጩበት ቦታ አለ። በዘርፉ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የምወደው ክርክርም እዚያ ነው። አሜሪካዊው ሄንሪ ካይበርግ በ1961 ያነሣው የሎተሪ ጥያቄ ይባላል። አንድ ሚሊዮን ቲኬት ያለው፣ አንድ ብቻ የሚወጣበት ሎተሪ አለ። በእጅህ ያለው ቲኬት እንደማይወጣ 99.9999 በመቶ እርግጠኛ መሆን ትችላለህ። ለማመን ይህ ካልበቃ ምን ይበቃል? ስለዚህ ይህ ቲኬት አይወጣም ብለህ አመንክ። ስለ ጎረቤትህ ቲኬት፣ ስለ አዟሪው እጅ ስላለው፣ ስለ እያንዳንዱ ያንኑ ታምናለህ። ሎጂክ ደግሞ ይህንንም ያንንም ካመንክ ሁለቱን አንድ ላይ አምነሃል ይላል። አንድ ሚሊዮኑን ስትደምራቸው «አንድም ቲኬት አይወጣም» የሚል እምነት ላይ ትደርሳለህ፤ አንዱ እንደሚወጣ ግን በእርግጥ ታውቃለህ። ወይ «ከዚህ ዕድል በላይ የሆነውን እመን» የሚለው ደንብ፣ ወይ እምነቶችን መደመር፣ አንዱ መሰበር አለበት።

ከዚህ ይብስ የሚገርመው ግን የዕለት አነጋገራችን ነው። ዕጣው ሳይወጣ «እንደማይወጣልህ አውቃለሁ» ያለህን ሰው «በምን አወቅህ?» ትለዋለህ፤ ቲኬቱን ከእጅህ ሊቀማህ የመጣ ነው የሚመስልህ። ዕጣው ወጥቶ ጋዜጣ ላይ ቁጥሩን አይቶ «አልወጣልህም» ያለህን ሰው ግን ያውቃል ትላለህ፤ ቲኬቱን ቀድደህ ትጥላለህ። ጋዜጣ ቁጥር አሳስቶ የሚያትምበት አጋጣሚ ግን ከሚሊዮን አንድ ይልቅ ይበዛ እንደሆነ እንጂ አያንስም። በስሌት ከሄድን የመጀመሪያው ሰው ከሁለተኛው ይበልጥ እርግጠኛ መሆን ነበረበት። እንግዲህ የመሆን ዕድል ከፍ ማለትና ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ቁጥሩ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን። ቼስተር ላይ የተበላሸው ስሌት ነበር፤ እዚህ ስሌቱ ሳይበላሽ ነው አንድ ነገር የሚጎድለው።

ፍርድ ቤቶች ይህን ከፈላስፎች በፊት ሸትተውታል። በማሳቹሴትስ በ1945 በተወሰነ ጉዳይ አንዲት ሴት በሌሊት ሲነዱ አንድ አውቶቡስ መንገድ ዘግቶባቸው ከቆመ መኪና ጋር ያጋጫቸዋል። አውቶቡሱን በደንብ አላዩትም፤ በዚያ መንገድ መደበኛ አገልግሎት የመስጠት ፈቃድ ያለው ግን አንድ ድርጅት ብቻ መሆኑን አስረዱ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበላቸውም፤ የድርጅቱ የመሆኑ ዕድል ከፍ ያለ መሆኑ ብቻ አይበቃም አለ። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆናታን ኮኸን በ1977 ይህን ይበልጥ አጠበቀው። 1,000 ተመልካች የተቀመጠበት የሮዴዮ ትርኢት አለ፤ የከፈሉት 499 ናቸው፤ 501ዱ አጥር ዘልለው የገቡ ናቸው። አዘጋጁ ከተመልካቾቹ አንዱን በዘፈቀደ ይዞ ይከሰዋል። በፍትሐ ብሔር ከግማሽ በላይ ማስረዳት ከበቃ ይህ ሰው ይሸነፋል፤ ሌሎቹ 999ኙም በየተራ እንዲሁ፤ የከፈሉትም ጭምር። ማንም ዳኛ እንዲህ አይፈርድም። ለምን እንደማይፈርድ ለመናገር ግን «ቁጥሩ አነስተኛ ነው» ማለት አያዋጣም፤ የዘለሉት 900 ቢሆኑም ስሜታችን ያው ነው።

የጎደለው ምንድን ነው? ፈላስፋዋ ጁዲት ጃርቪስ ቶምሰን በ1986 ማስረጃው ከተከሳሹ ድርጊት ጋር በምክንያትና ውጤት የተሳሰረ መሆን አለበት አለች። ሌሎች ሮበርት ኖዚክ በ1981 ባነሣው ሐሳብ ተመርኩዘው እንዲህ ይጠይቃሉ፦ ሰውየው አጥሩን ባይዘልል ኖሮ ማስረጃው ይኖር ነበር ወይ? የበር ጠባቂው «ሲዘልል አየሁት» ማለት ሰውየው ባይዘልል ባልተባለ ነበር፤ 501 የሚለው ቆጠራ ግን እርሱ ቢከፍልም በአንድ ቢጎድል ነው፤ ስለ እርሱ ደንታ የለውም። ማርቲን ስሚዝ በ2016 ባሳተመው መጽሐፍ ያቀረበው መልስ ለእኔ ከሁሉ ይጥማል። ጠባቂው ተሳስቶ ከተገኘ «እንዴት ተሳሳተ?» ብለን እንጠይቃለን፤ ጨለማ ነበር ወይ፣ ቂም ይዞ ነው ወይ፣ አንድ ምክንያት መኖር አለበት። ከሮዴዮው ተመልካቾች የተያዘው ሰው የከፈለ ሆኖ ቢገኝ ግን የሚጠየቅ ነገር የለም፤ 499 ከፋዮች መኖራቸውን መጀመሪያውኑ እናውቅ ነበር። ሎተሪውም እንዲሁ ነው፤ ቲኬትህ ቢወጣ ዕድል ነው፣ ጋዜጣው ከተሳሳተ ግን አንድ ሰው ማብራሪያ ይጠየቃል። ስሚዝ ላይ የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ የዲኤንኤ ማስረጃ ነው፤ እርሱም በቁጥር የሚናገር ነው፣ ሁለት ሰዎች ቢመሳሰሉም እንደ ዕድል ሊቆጠር ይችላል፣ ፍርድ ቤቶች ግን ይቀበሉታል። ተቃውሞው እስከ ዛሬ ጥሩ መልስ አላገኘም ባይ ነኝ።

ይህ ክርክር ከዩኒቨርሲቲ አዳራሽ የወጣው በኔዘርላንድስ ነው። የአገሪቱ የግብር መሥሪያ ቤት ለልጅ ማቆያ የሚሰጠውን ድጎማ ያጭበረብራሉ የሚላቸውን ወላጆች ለመለየት ከ2013 ጀምሮ የአደጋ ነጥብ የሚሰጥ ፕሮግራም ይጠቀም ነበር። ከመመዘኛዎቹ አንዱ አመልካቹ የኔዘርላንድስ ዜግነት አለው ወይስ የለውም የሚል ነበር። ከፍ ያለ ነጥብ ያገኘ ማመልከቻ ወደ አንድ ሠራተኛ ይመራል፤ ሠራተኛው ነጥቡ ለምን ከፍ እንዳለ አይነገረውም። በአጠቃላይ በድጎማው ጉዳይ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወላጆች አለጥፋታቸው አጭበርባሪ ተባሉ፤ የወሰዱትን ሁሉ መልሱ ተብለው ብዙዎች በዕዳ ተዘፈቁ። በጃንዋሪ 2021 መንግሥቱ ሥልጣን ለቀቀ።

ለፕሮግራሙ የሚከራከር ሰው ነጥቡ በአማካይ ልክ ነበር ሊል ይችላል። አልነበረም የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ለክርክሩ ግን ነበር እንበልለት። ነጥቡ ያው የሮዴዮው ቆጠራ ነው። ከነዚያ ወላጆች አንዷ እናት አንድ ሳንቲም ባታጭበረብርም ዜግነቷና ሌሎቹ መመዘኛዎች ያው ናቸውና ነጥቧ አይለወጥም ነበር፤ ንጹሕ ሆና ስትገኝም ፕሮግራሙ «ተሳሳትኩ» ብሎ የሚያስረዳው ነገር የለውም፤ ከመቶ ጥቂቶቹ ንጹሓን እንደሚሆኑ ቀድሞ ተሰልቷልና። ይህ ማለት ነጥቡ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። የትኛውን ፋይል በመጀመሪያ እንክፈት ለሚለው ይጠቅማል፤ እንደ መጀመሪያው ኪት ፖዘቲቭ ውጤት ቀጣዩን ምርመራ ይጠራል። ብልሽቱ የመጣው የምርመራ ጥሪው እንደ ምርመራ ውጤት ሲቆጠር ነው።

ሕጉ ቀስ እያለ እየደረሰበት ነው። የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ አንቀጽ 22 ሰው በማሽን ብቻ በተሰጠ ከባድ ውሳኔ እንዳይዳኝ መብት ይሰጠዋል። የተበዳሪን ዕዳ የመክፈል ዕድል ለባንኮች በነጥብ የሚገምቱ ድርጅቶች ለዓመታት «እኛ ነጥብ ብቻ ነው የምንሰጠው፤ የሚወስነው ባንኩ ነው» ሲሉ ኖረዋል። በዲሴምበር 2023 የኅብረቱ ፍርድ ቤት ሹፋ የሚባለውን የጀርመን ነጥብ ሰጪ ድርጅት በሚመለከት ጉዳይ፣ አበዳሪው በነጥቡ ላይ አጥብቆ የሚመረኮዝ ከሆነ ነጥቡ ራሱ ውሳኔ ነው ብሎ ወሰነ። ክሱን የጀመረችው ብድር የተከለከለች አንዲት ሴት ነበረች፤ ነጥቧ እንዴት እንደተሰላ ስትጠይቅ የንግድ ምስጢር ነው ተብላ ነበር። አሁን ማብራሪያ የመጠየቅ መብቷ ተጠናክሯል። ማብራሪያው ግን እርሷን ከሚመስሉ ሰዎች ከመቶ ስንቱ እንደማይከፍሉ የሚያሳይ ረጅም ሠንጠረዥ ሊሆን ይችላል፤ ወይም እርሷ ራሷ ባለፈው ዓመት ያልከፈለችውን ዕዳ የሚጠቅስ ሊሆን ይችላል። ደንቡ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ገና በስሙ አይጠራውም።